ያልተረጎምኩት

ሥራዬ ገበር ነው፤
ኮሌታው እንዲቆም በመሐል ይሰፋል፣
ሸሚዙን የገዛ፣ እንዳለም ሳያውቀው ለብሶት ያልፋል።
መስመር ዘጠኝ ላይ ነኝ፤ ሐዋሳ፣ ሼዱ ውስጥ፣
እንግሊዝኛ ስቀበል፣ ሲዳምኛ ስሰጥ።

አለቃችን ኒሉካ ከኮሎምቦ ናት፤
«እሺ» ለማለት ራሷን ወዲህ ወዲያ ስታወዛውዝ
ልጆቹ «እምቢ አለች» ብለው ፈቃዱን ትተው ገቡ።
እነሱም በተራቸው
«አዎ» ሊሉ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲስቡ
«ምን ነካቸው? ታመዋል?» ትለኛለች ደንግጣ።
«ስምንት ሰዓት» ስትለኝ «ሁለት ሰዓት» እላለሁ፣
በመሐል የተረፈውን ስድስት ሰዓት ለራሴ እደብቃለሁ።
«እስቲ ይታያል» ሲሏት፣ «አይሆንም» ብዬ አቀብላታለሁ፤
«አይሆንም» ስትል ደግሞ፣ «ትንሽ ይቸግራል» ብዬ
ቃሏን አልብሼ እልካለሁ።

ደህና አስተርጓሚ ነበርኩ።
እስከዚያ ማክሰኞ።

ከአለታ ወንዶ ለቢሮው ተደወለ፤
የዳንጊሴ አባት ሌሊቱን ታመው፣ ረፋዱ ላይ አርፈዋል።
ኒሉካ ጠራችኝ፤ ወንበር ስባ፣ ውሃ በብርጭቆ ቀድታ፣
«ጥሪያትና ንገሪያት» አለች፣ «አሁኑኑ፣ በእርጋታ።
አባቷ ናቸው። የማወቅ መብት አላት።»

በመስታወቱ አየኋት።
እጅጌ ትገጥማለች፤ ሰማንያ አራተኛውን፤ ታርጌቷ መቶ ሃያ ነው።
ከጎኗ ያለችው የሆነ ነገር ብላት
ማሽኑን አቁማ ትስቃለች።

መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው፤ አጎት ከፊት ቆሞ፣
ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚይዛት ክንድ ቀድሞ፤
በሩ ሲንኳኳ ነው ልቧ የሚጠረጥር፣
ቃል ካፍ ሳይወጣ፣ ከሰው ብዛት እንዲነገር።

ይኼን በምን ልተርጉመው?
ቃላቱንስ አላጣኋቸውም።
«የባህል ልዩነት» የሚል ሥልጠና ወስደናል፤ ከነምሳ፣ ከነሰርተፍኬቱ፤
ስለ ሰላምታ ነበረበት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ በዓላት።
ስለ መርዶ አልነበረበትም።

«አልተረጉምም» አልኳት።
በሁለት ዓመት ውስጥ ከራሴ የወጣ
የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።
«ልትዋሺያት ነው?»
«ላሳድራት ነው።»

ዝም አለች። ራሷም አልተወዛወዘ።
ለዳንጊሴ የቀዳችውን ውሃ እሷው ጠጣችው።
ቆይታ፣ «የእናቴን» አለች፣ «በስልክ ነው የነገሩኝ።
አምና፣ እዚሁ፤ ኮሌታ እየቆጠርኩ።
ቆጥሬ ጨረስኩት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ክር አልቋል» ተባለ፣
መጋዘን ሙሉ ክር ተደርድሮ ሳለ።
መስመር ዘጠኝ ቀድሞ ወጣ።
ዳንጊሴም በሰርቪስ ሄደች፣
ታቦር ሥር ወዳለችው የኪራይ ክፍሏ፣
ሰው ሁሉ የሰጣትን እረፍት
እንደ ዕድል ቆጥራ።

አሥራ አንድ ሰዓት፤ ከሐይቁ ብርድ ይነፍሳል።
አጎቷ በሚኒባስ ደርሰዋል፤ አሥራ አራት ሰው ሆነን
ኮቴያችንን እየሰማን ጭቃውን አለፍን።
ከኋላ ባጃጅ ቆመ። አንዲት ሴት ወረደች፣
ነጠላ አዘቅዝቃለች፤ ማን እንዳሳያት አላውቅም፣
ጥለቱ ወደማይሆን በኩል ዞሯል።
አንዲት አሮጊት ዝም ብለው አቃኑላት።

በሩ ተከፈተ።
ዳንጊሴ አጎቷን አየች። ጎረቤቶቿን አየች።
ከሁሉ ግን ኒሉካን ስታይ ነው ጉልበቷ የከዳት፤
አለቃ በዚህ ሰዓት
ክር ተገኘ ሊል አይመጣም።

ከዚያ ያለውን ማንም ተርጉሚ አላለኝም።

ሐሙስ ቅጽ ሞላሁ።
«የመቅረት ምክንያት» ይላል፤ ቦታው ካንዲት ቃል አይበልጥም።
ሞት ብዬ ጻፍኩ። ዝቅ ብሎ ደግሞ
«ሠራተኛዋ በስንት ሰዓት አወቀች?»

አሥራ አንድ ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፤
ወደ አምስት አልቀየርኩትም።
ኒሉካ አየችው።
ፈረመችበት።